የአልጋው ኪራይና የቤቱ ዕዳ

እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን 2025 በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት፣ በሚሲሲፒ ወንዝ አጠገብ የቆመ አንድ ታላቅ ቤት በእሳት ጋየ። ኖቶዌይ ይባላል። በ1859 ተሠርቶ ያለቀ፣ 64 ክፍሎች የነበሩት፣ ከእርስ በርሱ ጦርነት በፊት በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ከታነጹትና እስከዚያች ቀን ከቆዩት የእርሻ ጌቶች ቤቶች ሁሉ በግዝፈቱ ቀዳሚ የነበረ፣ ነጭ ባለዐምድ ቤት ነው። የሸንኮራ አገዳው እርሻ ጌታ 155 ባሪያዎች እንደነበሩት የ1860 መዝገብ ያሳያል። በኋለኛው ዘመን ቤቱ የእንግዳ ማረፊያ ሆኖ ነበር። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ያድርበታል፤ ጠዋት ተነሥቶ ቁርሱን ይበላል፤ በዐምዶቹ ሥር ፎቶግራፍ ይነሣል፤ አቅሙ የፈቀደለትም ሠርጉን ይደግስበታል።

ጢሱ ገና ሳይጠፋ ሁለት ዓይነት ድምፅ ተሰማ። በዚያ ቤት የተዳሩ ሰዎች የሠርግ ፎቶግራፋቸውን እያወጡ አዘኑ፤ የሚወዱት ዘመድ የሞተባቸው ያህል የጻፉም ነበሩ። ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ደግሞ በእሳቱ ፊት ተደሰቱ፤ ቀልድ አወሩ፤ የነበልባሉን ምስል እየተቀባበሉ እልል አሉ። በሁለቱ መካከል የቆሙት የታሪክ ሰዎች ሌላ ቁጭት ነበራቸው። ያ ቤት የጌታው ብቻ እንዳልነበረ፣ የባሪያዎቹ እጅ እንደሠራውና እንደተንከባከበው፣ ሲቃጠልም የነሱ የእጅ ሥራ ምስክር አብሮ እንደ ጠፋ ያስታወሱ ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ቤት እንደ ሰው ይበድላል? ድንጋይና እንጨት ጥፋተኛ ካልሆኑ፣ ዛሬ አንድ ሌሊት ሊያድርበት ገንዘቡን ቆጥሮ የሚገባው መንገደኛስ ምን የሚጠየቅበት ነገር አለ? ነገሩ ከአፍሪካ ቀንድና ከምሥራቅ አፍሪካ የራቀ ለሚመስለው አንባቢ፣ ከናይሮቢ ተነሥቶ ወደ ናይቫሻ የሚወስደውን መንገድ ማሰብ ይበቃዋል። የገጠር አሮጌ ቤቶችን ለእንግዳ አልጋ ማከራየት እዚህም የተለመደ ሥራ ነው፤ እዚህም ቤቶቹ ዝም ብለው የቆሙ አይደሉም።

አስቀድሞ ነገሩ ምን እንደሆነ መለየት ይገባል። በከተማ ሆቴልና በዚህ ዓይነቱ ማረፊያ መካከል ያለው ልዩነት የክፍሎቹ ቁጥር ብቻ አይደለም። ሆቴል ከመጀመሪያው ለመንገደኛ የተሠራ ነው፤ ማንም ተወልዶበት፣ ማንም ሞቶበት፣ ለማንም ተለቅሶበት አያውቅም፤ ይህ ቢደርስም እንኳ በድንገት ነው። የገጠሩ ማረፊያ ግን ቀድሞ የአንድ ቤተሰብ ቤት ነበር። እንግዳው የሚተኛበት አልጋ የአንድ አያት አልጋ ሳይሆን አይቀርም፤ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ፎቶግራፎች የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው። በእንግሊዝ ገጠር ‹‹አልጋና ቁርስ›› በሚል ስም የተስፋፋው ይህ ልማድ ዋና ሸቀጡ አልጋው አይደለም፤ አልጋማ የትም አለ። የሚሸጠው ቤተኛ የመሆን ስሜት ነው። ለአንድ ሌሊትም ቢሆን እንግዳው የዚያ ቤት፣ የዚያ አሮጌ ዘመን፣ የዚያ ምድጃ ሰው የሆነ ይመስለዋል። ለዚያ መምሰል ነው የሚከፍለው።

አማርኛ በዚህ ነገር ላይ ብዙ የሚነግረን አለ። ‹‹እንግዳ›› የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። ‹‹እንግዳ ነገር›› ሲባል ያልተለመደ፣ የሚያጠራጥር፣ አንዳንዴም የሚያስፈራ ነው፤ ‹‹እንግዳ መጣ›› ሲባል ግን ምጣድ ይጣዳል፤ ቡና ይቆላል። የስዋሂሊው ‹‹ምጌኒ››ም እንዲሁ ባዳንም ተጋባዥንም በአንድ ስም ይጠራል። ስዋሂሊው እንዲያውም እንግዳን ሁለት ቀን አስተናግደህ በሦስተኛው ቀን መቆፈሪያ ስጠው የሚል ምሳሌ አለው፤ ያገራችን ሰውም እንግዳ ሲሰነብት ወርቁ ወደ ብር፣ ብሩ ወደ ብረት ይለወጣል እያለ ይቀልዳል። ሁለቱም አባባሎች የሚያውቁት አንድ ነገር አለ፤ እንግድነት ጊዜ አለው፤ ከጊዜው ያለፈ እንግዳ ሌላ ስም ያስፈልገዋል። የመሸበት መንገደኛ ደጃፍ ቆሞ ‹‹የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ›› ሲል የሚጠይቀው አንድ ሌሊት ነው። ርስት አይጠይቅም።

በዚህ ልማድ ላደገ ሰው ማደሪያና እንጀራ በገንዘብ መሸጣቸው ራሱ ነውር ነበር። በአዲስ አበባ የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ሲከፈት፣ መኳንንቱ ለበሉት ምግብ መክፈልን ስላፈሩት ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ከፍለው በመብላት አርአያ ሆኑ እየተባለ ይተረካል። ታሪኩ ተደጋግሞ የሚወራው የንጉሡን ዘመናዊነት ለማሳየት ነው። መኳንንቱ ግን ሙሉ በሙሉ ተሳስተው ነበር ለማለት ያስቸግራል። ገንዘብ በመካከል ሲገባ አንድ ነገር እንደሚቀር ገብቷቸው ነበር። በነጻ ያደረ እንግዳ ባለዕዳ ሆኖ ይወጣል፤ ውለታውን ይዞ ይሄዳል፤ አንድ ቀን አስተናጋጁ በሱ መንደር ሲያልፍ ይመልሳል። የከፈለ እንግዳ ግን ደረሰኙን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ከማንም የሚፈልገው የለም። ይህ ደግሞ መጥፎ አይደለም። የደከመው ነጋዴ ወይም ሹፌር ሁልጊዜ የማንም ባለውለታ ሳይሆን ማደር መቻሉ ትልቅ ነጻነት ነው። ‹‹አልጋ አለ?›› ብሎ መጠየቅና ‹‹አለ›› ተብሎ ቁልፍ መቀበል ክብርን አይነካም።

ችግሩ የሚመጣው ሻጩ ከአልጋው ጋር የቤቱን ትዝታ ሲሸጥ ነው። አልጋው የሱ ነው። ትዝታው ግን የሱ ብቻ ነውን? በኖቶዌይ ትዝታ ውስጥ 155 ሰዎች ድርሻ ነበራቸው። ቤቱ ለእንግዳ ሲከራይ ከነሱ ድርሻ ላይ ማን ፈረመ? ገንዘቡን የከፈለው እንግዳ ሒሳቡን የዘጋው ፊት ለፊቱ ከቆመው ሰው ጋር ነው፤ ፊት ለፊቱ ካልቆሙት ጋር ያለው ሒሳብ እንዳልተነካ ይቀራል።

በ2022 ክረምት በሚሲሲፒ ግዛት አንድ የባሪያዎች ጎጆ በኤርቢኤንቢ በኩል ለኪራይ ቀርቦ ተገኘ። ጎጆው በ1830ዎቹ የተሠራ ነው፤ ከባርነት በኋላም የጢሰኞች መኖሪያ ሆኖ ቆይቷል። አከራዮቹ ይህንን አልደበቁም፤ እንዲያውም በማስታወቂያው ላይ ጽፈውታል። አዲስ መታጠቢያ ቤት፣ ንጹሕ አንሶላ፣ ጥሩ መብራት ተገጥሞለታል፤ ያደሩበት ሰዎችም ምቾቱን አመስግነዋል። ነገሩ በማኅበራዊ ድረ ገጾች ሲዛመት ቁጣ ተነሣ፤ ድርጅቱም ይቅርታ ጠይቆ በአሜሪካ ያሉትን መሰል ቤቶች ከዝርዝሩ አወጣለሁ አለ።

አሁን ከዚህ ጋር ሌላ ሰው እናስተያይ። ጆሴፍ ማክጊል የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ የቅርስ ጥበቃ ባለሙያ ከ2010 ጀምሮ በተለያዩ ግዛቶች እየዞረ በባሪያ ጎጆዎች ውስጥ ያድራል። መጀመሪያ ያደረው በደቡብ ካሮላይና፣ በቻርልስተን አጠገብ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከመቶ በሚበልጡ ስፍራዎች አድሯል። ብዙ ጊዜ ወለሉ ላይ ነው የሚተኛው። ዓላማው ትልልቆቹ ቤቶች ቀለም ሲቀቡና ሲጠገኑ ጎጆዎቹ እየፈረሱ መሄዳቸውን ሰው እንዲያስተውል ማድረግ ነው። አንዳንዴ ከሱ ጋር ሌሎች ሰዎች ያድራሉ፤ የባሪያዎቹ የልጅ ልጆችና የጌቶቹ የልጅ ልጆች በአንድ ጣሪያ ሥር ተኝተው ሌሊቱን በወሬ ያጋምሱታል።

ሁለቱም ማደር ነው። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ሳንቃና ሸክላ መካከል መተኛት ነው። ታዲያ አንደኛው ነውር፣ ሁለተኛው ክብር የሚሆነው ለምንድነው? የተኙት ሰዎች የቆዳ ቀለም ነው የሚል ይኖራል፤ ግን ከማክጊል ጋር ነጮችም ያድራሉ። አንዱ መሬት ላይ፣ ሌላው ፍራሽ ላይ ስለተኛ ነው የሚል መልስም ደካማ ነው፤ ችግርን ለአንድ ሌሊት መቅመስ ለብቻው የሚያስከብር ነገር የለውም፤ እንዲያውም ሌላ ዓይነት መዝናኛ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ያለው ለማን ተብሎ ታደረ በሚለው ላይ ይመስላል። የሚሲሲፒው ጎጆ እንግዳ ያደረው ለራሱ ነው፤ የሌሎቹ ሕይወት ለሱ ሌሊት ማጣፈጫ ሆነ። ማክጊል ያደረው ለጎጆው ነው። እንግዳ ሆኖ ሳለ ቤቱ የሚፈልገውን ጠየቀ። ደህና እንግዳ ደግሞ በማንኛውም ቤት እንዲሁ ያደርጋል፤ ለቀስተኛ ቤት ገብቶ ጠላ የለም ወይ አይልም።

ወደ ስምጥ ሸለቆው እንመለስ። የእንግሊዝ መንግሥት ከሞምባሳ የዘረጋው የባቡር ሐዲድ በ1901 ቪክቶሪያ ሐይቅ ሲደርስ፣ ወጪውን የሚመልስ ጭነት አስፈለገ፤ ጭነቱን የሚያመርቱ ገበሬዎች ከአውሮፓና ከደቡብ አፍሪካ ተጠሩ። መሬቱ ግን ባዶ አልነበረም። ናይቫሻና ናኩሩ የማሳይ ግጦሽ ነበሩ። በ1904 በተፈረመ ውል ማሳዮቹ ከዚያ ለቀው ከፊሎቹ ወደ ላይኪፒያ፣ ከፊሎቹ ወደ ደቡብ እንዲሄዱ ተደረገ፤ ውሉም የማሳይ ሕዝብ እስካለ ድረስ እንዲጸና ተጽፎበት ነበር። የጸናው ሰባት ዓመት ነው። በ1911 ሌላ ውል ተፈርሞ ከላይኪፒያም እንዲነሡ ታዘዙ። በ1913 ማሳዮቹ ጉዳዩን በፍርድ ቤት ከሰሱ፤ ክሱ ውድቅ ሆነ። በለቀቁት መሬት ላይ ሰፋፊ በረንዳ ያላቸው፣ የድንጋይ ምድጃ ያላቸው፣ ሐይቅና ተራራ የሚያዩ ቤቶች ተሠሩ። በ1915 የወጣው ሕግ የኪራይ ዘመኑን 999 ዓመት አደረገው። እንግዳው በሦስተኛው ቀን መቆፈሪያውን ሊቀበል ቀርቶ መቆፈሪያውን ለባለቤቱ ሰጠው።

ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት ይህ ሁሉ ከመሆኑ ከመቶ ዓመት በፊት፣ በ1795 ባሳተመው የዘለዓለማዊ ሰላም ጽሑፉ፣ የሰው ልጅ ሁሉ በምድር ላይ ያለውን አንድ መብት ለይቶ ነበር። ወደ ሌላው አገር የደረሰ መንገደኛ እንደ ጠላት ሊታይ አይገባም፤ ይህ ምጽዋት ሳይሆን መብቱ ነው። ነገር ግን መብቱ የመጎብኘት እንጂ የመስፈር አይደለም፤ ለመስፈር የባለአገሩ ፈቃድ፣ ልዩ ስምምነት ያስፈልጋል። ቀጥሎም በዘመኑ የነበሩትን አውሮፓውያን ይወቅሳል፤ ጉብኝት ብለው ሄደው መውረርን ጉብኝት አደረጉት፤ ነዋሪውን እንደሌለ ቆጠሩት ይላል። ካንት በሌላ ቦታ ስለ አፍሪካውያን የጻፈው የሚያሳፍር ነው፤ ይህ ግን አነጋገሩን አያደበዝዘውም። የስምጥ ሸለቆው ቤት በካንት ሚዛን ሲታይ ያለፈቃድ የሰፈረ እንግዳ ቤት ነው፤ አሁን ደግሞ እሱ በተራው እንግዳ ይቀበላል።

የነዚህን ቤቶች ማስታወቂያ ለሚያነብ ሰው አንድ የሰዋስው ነገር ይታየዋል። ‹‹ባለቤት›› የሚለው የአማርኛ ቃል የንብረት ጌታን፣ የትዳር ጓደኛንና በሰዋስው ደግሞ ድርጊቱን የሚፈጽመውን ይገልጻል። በማስታወቂያዎቹ ውስጥ ይህ የመጨረሻው ባለቤት ይጠፋል። ቤቱ ተሠራ፤ መሬቱ ተመነጠረ፤ አትክልቱ ተተከለ፤ እርሻው ተመሠረተ። ግሡ ሁሉ ተገብሮ ነው። ማን ሠራው? ድንጋዩን ማን ተሸከመ? ‹‹ተመነጠረ›› ከተባለው በፊት መሬቱ ላይ ማን ነበር? አብዛኛውን ጊዜ ታሪኩ የሚጀምረው በበሬ የሚጎተት ጋሪ ይዞ ከመጣ አንድ ሰው ነው፤ ከሱ በፊት አራዊት እንጂ ሰው ያልነበረ ይመስላል።

አልፎ አልፎ ግን ግሡ ባለቤት ያገኛል፤ ያን ጊዜ የሚገርም ነገር ይወጣል። በናይቫሻ ሐይቅ ዳርቻ ያለው ሎልዲያ የተባለው ማረፊያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጣልያን ምርኮኞች እንደተሠራ ይነገራል። እነዚህ ምርኮኞች ከየት መጡ? አብዛኞቹ በ1941 በኢትዮጵያና በሶማሊያ የተያዙ የፋሺስት ጦር ሰዎች ነበሩ፤ እንግሊዞች ወደ ኬንያ አምጥተው በናይቫሻ፣ በናንዩኪ፣ በጊልጊል፣ በኤልዶሬትና በሌሎችም ካምፖች አሰፈሯቸው። ከናይሮቢ ወደ ስምጥ ሸለቆው የሚያወርደውን መንገድ የሠሩት እነሱ ናቸው፤ በማይ ማሂዩ አጠገብ በ1942 ያነጹት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ለመንገደኛ ይታያል። ከአምስት ዓመት በላይ የሰው አገር ቀምተው የተቀመጡ ሰዎች፣ ተማርከው ሌላ አገር ሲሄዱ፣ እዚያም የሰው አገር ቀምቶ ለተቀመጠ ሰው ቤት ሠሩ። በዚያ ቤት በረንዳ ላይ የሚቀመጥ የአማርኛ አንባቢ ፍትሕ በመጨረሻ ቀናች ብሎ ፈገግ ሊል ይችላል። ፈገግታው ይፈቀድለት፤ ግን ማሳዩ አሁንም ከአጥሩ ውጭ ነው።

ይህን ሁሉ የሚሰማ የዛሬ የማረፊያ ባለቤት የሚመልሰው አለው፤ መልሱም በቀላሉ የሚጣል አይደለም። እኔ በ1904 አልነበርኩም፤ ማንንም አላስነሣሁም፤ ቤቱን በሕግ ገዛሁት ወይም ወረስኩት፤ የኬንያ ሕገ መንግሥት በ2010 የ999 ዓመቱን ኪራይ ዜጋ ላልሆነ ሰው ወደ 99 ዓመት ሲያወርደው ተቀብያለሁ፤ በቤቴ ምግብ አብሳይ፣ አትክልተኛ፣ ፈረስ ጠባቂ፣ ዘበኛ ይሠራሉ፤ ልጆቻቸውን ከዚህ ደሞዝ ነው የሚያስተምሩት፤ እንግዳ ባይመጣ ጣሪያው በዐሥር ዓመት ይወድቃል፤ ያን ጊዜ ማን ተጠቀመ? ይላል። እውነቱን ነው። ባዶ የቀረ ቤት ፈጥኖ ይፈርሳል፤ የፈረሰ ቤት ደግሞ ምንም አይመሰክርም። በኬንያ የካረን ብሊክሰን ቤት የተረፈው ለነጻነቱ በዓል ከዴንማርክ መንግሥት ለኬንያ ስለተበረከተና በ1986 ሙዚየም ስለሆነ ነው፤ ሁሉም አሮጌ ቤት ግን ታዋቂ ደራሲ አይኖርበትም፤ ሁሉም ሙዚየም ሊሆን አይችልም። በሉዊዚያና ዊትኒ የተባለው የቀድሞ እርሻ ከ2014 ጀምሮ ስለ ባርነት ብቻ የሚናገር ሙዚየም ሆኗል፤ ይህን ማድረግ የተቻለው ግን ሀብቱን ሊያፈስበት የፈቀደ ባለጠጋ ስለተገኘ ነው።

የባለቤቱ መልስ አንድ ቦታ ላይ ይሰነካከላል። አልበደልኩም የሚለው ሰው አልተጠቀምኩም ማለት አይችልም። ገበያው ላይ የሚያቀርበው ዕቃ ዋጋ ያገኘው ከዚያው ዘመን ነው፤ ‹‹የ1920ዎቹ ድባብ›› ብሎ የሚሸጠው ያንኑ ጊዜ ነው። ዘመኑን ለመሸጥ ሲፈልግ ወራሽ፣ ስለ ዘመኑ ሲጠየቅ እንግዳ መሆን አይችልም። ይህን ያህል ካመነ ግን ከሱ ብዙ አይጠበቅም። ቤቱን አቃጥል የሚለው የለም። ተገብሮውን ወደ ገቢር ይለውጥ፤ ማን እንደሠራው፣ ማን እንደተነሣ፣ በ1952 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ በዚያ ቤት ጓሮ ይሠሩ የነበሩት ኪኩዩዎች የት እንደተወሰዱ ይጻፍ። የእንግሊዝ መንግሥት እንኳ በ2013 በዚያ ጊዜ ለተሠቃዩ 5,228 ኬንያውያን ካሣ ለመክፈል ተስማምቶ በምክር ቤቱ ፊት ጸጸቱን ገልጿል። መንግሥት ያመነውን የአንድ ማረፊያ ማስታወቂያ የሚፈራበት ምክንያት የለም።

ከባለቤቱ ይልቅ የእንግዳው ነገር ይከብዳል። ደግ ልብ ያለው እንግዳ ‹‹እጠይቃለሁ›› ይላል፤ ቁርስ የሚያቀርብለትን ሰው ያንተ አያቶች የት ነበሩ ብሎ ሊጠይቅ ያስባል። ይህ ከሩቅ ሲታይ መልካም ነው። ግን የሚጠየቀው ሰው ሥራው እንግዳን ማስደሰት ነው፤ ደሞዙ ከፈገግታው ጋር የተያያዘ ነው። እውነቱን ቢናገር እንግዳው ቁርሱ ይመርረዋል፤ አሠሪው ይሰማል። ቢዋሽ ደግሞ አያቱን ይክዳል። እንግዳው ለራሱ ኅሊና ዕረፍት ሲል የሌላውን ሰው እንጀራ ጣጣ ውስጥ ሊከት ምን መብት አለው? ትዝታውን በሳንቲም ገዝቶ አሁን ደግሞ የአስተናጋጁን ቁስል በነጻ እንዲታይለት መፈለግ ይሆንበታል። ጥያቄው ለአሠሪው ይቅረብ፤ ቦታ ከመያዙ በፊት፣ በጽሑፍ። መልሱን ካልወደደው ሌላ አልጋ አይጠፋም። አስተናጋጁ ራሱ ማውራት ከጀመረ ግን ሻዩ ይቀዝቅዝ፤ ይደመጥ።

የአማርኛ ተናጋሪው በዚህ ሁሉ ነገር ዳር ቆሞ የሌላውን ጥፋት ብቻ እንዳይቆጥር የራሱ ቋንቋ ያስጠነቅቀዋል። ‹‹ግብር›› የሚለው ቃል ሁለት ነገር ነው፤ ገባሩ ለጌታው የሚያገባው እህልና ማር፣ ጌታውም በአዳራሹ ለሠራዊቱ የሚያበላው ድግስ ነው። በአንድ ቃል መጠራታቸው በከንቱ አይደለም፤ አንዱ ሌላው ነበር። የመኳንንቱ ለጋስነት፣ እንግዳ ተቀባይነት፣ ጥሬ ሥጋውና ጠጁ በዘፈንና በታሪክ ሲወደስ የኖረው፣ ወጪው ግን ከገባሩ ጎተራ ነበር። ዘማች ወታደር በገበሬ ቤት ተመርቶ ሲገባ፣ እመቤቲቱ የሌላትን ከጎረቤት ተበድራ ስታበላ፣ ያም ‹‹እንግዳ›› ተብሎ ተጠርቷል። በ1967 ዓ.ም. የወጡት የገጠር መሬትና የትርፍ ቤት ዐዋጆች ያንን ዓለም ሲያፈርሱት፣ አዳራሾቹ ከፊሎቹ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ከፊሎቹ እህል ማከማቻ፣ ጥቂቶቹም ሆቴል ሆኑ። በመቀሌ የደጃዝማች አብርሃ ቤተ መንግሥት የነበረው ግንብም ሆቴል ሆኗል። እዚያ ያደረ ሰው ስለ ደጃዝማቹ ይሰማል። ድንጋዩን ስለፈለጡት ግን የሚጠይቅ እንግዳ ስንት ነው?

እንግዲህ ፈረንሳዊው ዣክ ደሪዳ ስለ እንግድነት ሲጽፍ ያነሣው ችግር እዚህ ይደርሳል፤ እንግዳን ለመቀበል በመጀመሪያ የቤት ጌታ መሆን ያስፈልጋል፤ ጌታ ለመሆን ደግሞ በር መዝጋት፣ ይህ የኔ ነው ማለት፣ አንዱን ማስወጣት አለ። ንጹሕ አስተናጋጅ የለም ማለት ነው። ይህ ሐሳብ እውነት ቢሆንም ብዙ ርቆ አይወስድም። ሁሉም ቤት አንድን ሰው ያስወጣ ከሆነ፣ ሁሉም እኩል አስወጣ ማለት አይደለም፤ ባሪያ ያሠራው ቤትና ልጆቹን ያሳደገበትን አንድ ክፍል ያከራየች እናት ቤት በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

ሐረር ጁጎል ውስጥ የሚገኙት የጥንት ቤቶች ይህን ለማየት ይረዳሉ። ከተማዋ በ2006 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበች ወዲህ፣ ከዚያም በፊት፣ አንዳንድ የሐረሪ ቤተሰቦች በቤታቸው ክፍል እየለቀቁ እንግዳ ያሳድራሉ። እንግዳው ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። ፊት ለፊቱ ነደባ የሚባሉት ደረጃ ደረጃ ያላቸው መደቦች አሉ፤ በግድግዳው ላይ ባለሙያ ሴቶች የሰፏቸው የስፌት ሥራዎች ተሰቅለዋል፤ ከፍ ያለው አሚር ነደባ የአባወራው መቀመጫ ነው። እመቤቲቱ እዚያው ትኖራለች። ልጆቿ ከትምህርት ቤት ይመለሳሉ፤ ጎረቤት ገብቶ ይወጣል፤ ከጓዳ የሚመጣው ሽታ ለእንግዳው ተብሎ የተሠራ አይደለም። ገንዘብ ይከፈላል፤ ግን ቤቱ ገና ቤት ነው። እንግዳው ነው ራሱን ከቤቱ ጋር የሚያስማማው።

መደቡና ወለሉ ቀይ አፈር የተቀባ ነው። ቀለሙ በጃንዋሪ 1887 በጨለንቆ ጦርነት ከምኒልክ ሠራዊት ጋር ተዋግተው ለወደቁት የሐረር ሰዎች መታሰቢያ እንደሆነ ሐረሪዎቹ ይናገራሉ። ከአዲስ አበባ የሄደ እንግዳ ይህን በዚያ ቀይ መደብ ላይ ተቀምጦ፣ ከቡና ቅጠል የፈላውን ትኩስ መጠጥ በእጁ ይዞ ይሰማዋል። ማንም በደሉን እንዲናዘዝ አይጠይቀውም፤ ታሪኩም ከሱ አይደበቅም። ሲኒው ሲጎድል እመቤቲቱ ትሞላለታለች።